የቆጡና የብብቱ

ክርክርን ሳይጀመር የሚዘጉ ሁለት ማኅተሞች አሉን። አንዱ «ዘመናዊ» ይላል፤ ሌላው «ኋላ ቀር»። አንድ ነገር «ዘመናዊ» የሚለው ማኅተም ካረፈበት ማን ደፍሮ ይሟገተዋል? «ኋላ ቀር» የሚለው ካረፈበትስ ማን ጥብቅና ይቆምለታል? ተሰብሳቢው ራሱን ይነቀንቃል፣ ያጨበጭባል፣ ውሎ አበሉን ፈርሞ ይወጣል። ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ ማለት ነው።

ከአዳራሹ ስንወጣ ደግሞ ሦስተኛ ማኅተም ከኪሳችን እናወጣለን፤ «ድሮ ቀረ!» የሚል። ጠዋት ለዘመናዊው ያጨበጨበው እጅ ከሰዓት በኋላ ጉንጭ ደግፎ ይተክዛል። ማሩ ድሮ ቀረ፣ ቅቤው ድሮ ቀረ፣ ጉርብትናው ድሮ ቀረ፣ ዝናቡ እንኳ ድሮ ቀረ። እንግዲህ «ምኑን እንለውጥ፣ ምኑን እናቆይ?» የሚለውን ከባድ ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሲመልሱልን የኖሩት እነዚህ ሦስት ማኅተሞች ናቸው። ሦስቱም ነገሩን ሳያዩ ይመታሉ።

ለዛሬ ይህን ጉዳይ ይዘን ወደ ኢሉባቦር እንውረድ። በመቱ፣ በዳሪሙ፣ በሁሩሙና በያዩ በኩል ያለው ገበሬ ቡናውን ከዛፍ ጥላ ሥር ይለቅማል፤ ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። እዚያ መለወጥና ማቆየት የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው። ደግሞም አገሩ ሁለቱንም ዓይነት ለውጥ አይቷል፤ ያዳነውንም፣ ያስለቀሰውንም።

ከቀፎው እንጀምር። እንበልና አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ በዳሪሙ ወረዳ፣ ዱጳ ከተማ አጠገብ ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ግቢ ዘለቀ።

«አባባ፣ ይሄን የዛፍ ላይ ቀፎ እስከ መቼ ነው የሚይዙት?»

«ምነው ልጄ፣ ምን አደረገህ?»

«ኋላ ቀር ነዋ! ዘመናዊው እኮ ሦስት እጥፍ ማር ይሰጣል።»

«እሰየው፣ ይስጥ። ሰሙን ከየት ታመጣልኛለህ?»

ልጁ እዚህ ላይ ዝም ቢል አይፈረድበትም። ሥልጠና ሲሰጠው ስለ ሰም የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። የአዛውንቱ ጥያቄ ግን የነገሩ ሥር ነው። ዘመናዊው ቀፎ ውስጥ ፍሬም የሚባሉ የእንጨት ክፈፎች አሉ፤ በነሱ ላይ ቅርጽ የታተመበት ስስ ሰም ይለጠፋል፤ ንቦቹ በዚያ ቅርጽ ላይ ቤታቸውን ይሠራሉ። ማሩ ሲደርስ በማሽን ተሽከርክሮ ይወጣና ባዶው የሰም ቤት ለንቦቹ ይመለስላቸዋል። ስለዚህ ዘመናዊ ቀፎ ማር እንጂ ሰም እምብዛም አይሰጥም፤ እንዲያውም ሥራ ሲጀምር ሰም ይፈልጋል። ያ ሰም ታዲያ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከየት ነው? ከዚያው «ኋላ ቀር» ከተባለው ቀፎ! ባህላዊው ቀፎ ሲቆረጥ ማሩ ከነሰሙ ይወጣል። ኢትዮጵያ ከዓለም ዋና ዋና የሰም አምራቾች አንዷ ለመሆን የበቃችው በነዚህ ዛፍ ላይ በሚሰቀሉ ቀፎዎች ነው። ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ የባህሉን ጥሎ የዘመኑን ቢይዝ፣ ለዘመናዊው ቀፎ የሚለጠፈውን ሰም የምናገኝበት መንገድ ይጠባል።

ይህን ስል ዘመናዊ ቀፎ አይረባም ማለቴ አይደለም። በደንብ ከተያዘ ከባህላዊው እጥፍና ከዚያም በላይ ማር ይሰጣል። ከሁሉ የሚበልጥ ሌላ ጥቅም ደግሞ አለው። የዛፍ ላይ ቀፎ የሚቆረጠው በሌሊት፣ ጭስ ተይዞ፣ ረጅም ግንድ ተወጥቶ ነው። በዚህ ምክንያት ማር ቆራጭነት የጉልበተኛ ወንዶች ሥራ ሆኖ ኖረ። ቀፎው ወርዶ ጓሮ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ሴቷም፣ ጉልበቱ የደከመውም ሽማግሌ ንብ ማነብ ይችላል። ይሄ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአገራችን ብዙ ወረዳዎች ዘመናዊ ቀፎ ሲታደል ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው «ይህን ያህል ቀፎ ተሠራጨ» የሚለው ቁጥር ነው። ቀፎው ተቆጠረ፤ ንቡ ግን አልተቆጠረም። ሰሙ አልደረሰም፣ ማሽኑ ከወረዳ ከተማ አልወጣም፣ ሥልጠናው የግማሽ ቀን ነበር። ከዚያ ሳጥኑ ጓሮ ውስጥ የዶሮ መስፈሪያ ይሆናል። እሱን ያየ ጎረቤት ደግሞ «ድሮስ እኛ ምን አጣን?» ይልና ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት አዲስ ነገር የሚባል አያስጠጋም። በችኮላ የመጣ ለውጥ ከራሱ አልፎ የሚቀጥለውንም ለውጥ ስም ያጠፋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ከሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ ቀፎ አለ። ከአካባቢው እንጨትና ከሸምበቆ ሊሠራ ይችላል፤ የታተመ ሰም አያስፈልገውም፤ ማሽንም አይጠይቅም፤ ጓሮ ውስጥ ይቀመጣል። ስሙ «የሽግግር ቀፎ» ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ። ስም ያወጣለት ሰው መድረሻውን አስቀድሞ ወስኖ ጨርሷል፤ ይሄ መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ነገ ይጣላል። ለብዙ ገበሬ ግን ከኪሱም ከጉልበቱም ጋር የሚስማማው ይሄው ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ያለ መስሎን የናቅነው ነገር ስንት ነው?

አሁን ደግሞ ፊታችንን ወደ «ድሮ ቀረ» ባዮች እናዙር፤ አድልዎ እንዳይሆንብን። «የድንጋይ ወፍጮ ዱቄት እንዴት ይጣፍጥ ነበር!» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ይህን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፤ ደግሞም ፈጭቶ አያውቅም። እናቱ ሌሊት ተነስታ ከድንጋዩ ላይ ተደፍታ ስትፈጭ እሱ ተኝቶ ነበር። የሞተር ወፍጮ ገጠር ሲገባ ሴቶቹ አንድም ቀን «ባህላችን ጠፋ» ብለው አላለቀሱም። እህላቸውን ተሸክመው፣ ከሩቅም ቢሆን፣ ተሰለፉ እንጂ። መቱ ካርል ሆስፒታል ደጃፍ ላይም «ድሮ ቤታችን እንወልድ ነበር» ብሎ ሰልፍ የወጣ ሰው አልሰማንም። እንግዲያው «ሲሠራ የኖረ ነገር ነው፣ አትንኩት» ከማለታችን በፊት «ለማን ነው ሲሠራ የኖረው? በማንስ ጫንቃ?» ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። የሚጣፍጠው ለአንዱ ሆኖ ወገቧ የሚቆረጠው ሌላዋ ከሆነች፣ ያንን ባህል እናቆየው ብላ የመወሰን ወይም እንጣለው ብላ የመፍረድ መብቱ የእሷ ነው።

ወደ ቡናው እንሂድ፤ የኢሉባቦር ዋናው ታሪክ እሱ ነውና። (ከዚህ በኋላ ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1971 ሲቢዲ እየተባለ የሚጠራው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። በኬንያ ከ1922 ጀምሮ የታወቀ በሽታ ነው። ለጋውን ፍሬ ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል፣ ያረግፈዋል። ገበሬው ፍሬ ያዘልኝ ብሎ ተስፋ ያደረገበት ቅርንጫፍ ባዶውን ይቀራል። መድኃኒት ይረጭ ቢባል ለባለ አነስተኛ ማሳ ገበሬ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፤ በጫካ ውስጥ ለሚገኝ ቡና ደግሞ ጭራሽ የማይሞከር ነው።

በዚህ ጊዜ የጅማ የምርምር ማዕከል ሰዎች አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። አዲስ ዘር ከባሕር ማዶ ከማስመጣት ይልቅ በሽታው በመታቸው የቡና ቦታዎችና ደኖች ውስጥ እየዞሩ፣ ሌላው ሁሉ ጠቁሮ ሳለ እሱ ብቻ ደህና ሆኖ የቆመ ዛፍ ፍለጋ ጀመሩ። አገኙም። ዘሩን ወስደው አባዙ፣ በበሽታው ፈተኑ፣ የተረፈውን ለገበሬ አደሉ። ዛሬ በቁጥር የሚጠሩት የቡና ዝርያዎቻችን ከዚህ ሥራ የተገኙ ናቸው። 74110ንና 74112ን ውሰዱ። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 እናት ዛፉ የተመረጠበትን 1974ን ያመለክታል። የነዚህ ሁለት ዝርያዎች እናት ዛፎች የተገኙት ደግሞ እዚያው መቱ አጠገብ፣ ቢሻሪ ከሚባል አካባቢ ነው። ዛሬ ሲዳማና ጉጂ ድረስ ይለማሉ። በውጭ አገር የቡና ማሸጊያ ላይ ቁጥራቸው እንደ ማዕረግ ስም ይጻፋል።

ይህን ታሪክ ቀስ ብለን እናስበው። በ1971 «አባቶቻችን የተከሉትን አንነካም» ብለን እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥ ኖሮ በሽታው በሚበረታበት አካባቢ የነበረው ገበሬ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። መለወጥ ግድ ነበር። ግን ደግሞ ከዚያ በፊት አንድ ሥልጣኔ የጠማው ባለሥልጣን «ይሄ ጫካ ኋላ ቀር ነው፣ ይመንጠርና በመስመር የተተከለ ዘመናዊ እርሻ ይሁን» ብሎ ቢሻሪን አስመንጥሮት ቢሆን ኖሮስ? ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉትን ዛፍ የት ያገኙት ነበር? አዲሱ ዘር የወጣው ከአሮጌው ደን ነው። አዲሱ ቀፎም ሰሙን የሚያገኘው ከአሮጌው ቀፎ ነው። ሁለቱን እያጣላን የኖርነው እኛው ነን እንጂ እነሱስ እናትና ልጅ ናቸው።

ከዚህ በኋላ አንድ መለኪያ ላቅርብ። አንድን ነገር ስንለውጥ «ብንሳሳት መመለሻው ምን ያህል ነው? ሒሳቡንስ የሚከፍለው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መመለሻው ቅርብ ከሆነና ሒሳቡን የሚከፍለው ለዋጩ ራሱ ከሆነ ምን ይፈራል? ይሞከር። ገበሬው ከማሳው ጥግ ላይ አዲስ ችግኝ ቢተክልና ባይሆንለት ሦስት አራት ዓመት ይከስራል እንጂ ቤቱ አይፈርስም። መመለሻው የሰው ዕድሜ የሚፈጅ ከሆነና ሒሳቡ የሚወድቀው ውሳኔው ውስጥ ባልነበረ ሰው ላይ ከሆነ ግን መቆም ያስፈልጋል። በ2001 እና በ2002 የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ በየአካባቢው ቡናውን ስለመንቀል ያሰበ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። መንቀሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እንደገና ተክሎ ለመልቀም ግን ዓመታት ይጠበቃል፤ ዋጋ ደግሞ ዓመታት ሳይጠብቅ ይመለሳል። ጥላ የሚሆነው ትልቅ ዛፍ ከተቆረጠማ የሚተካው ለልጅ ልጅ ነው።

በዚህ መለኪያ ያለፉትን ለውጦች እንመዝን። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደርግ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ጀመረ። ሐሳቡን በወረቀት ላይ ስታዩት ያምራል፤ ተበታትኖ የሚኖረው ሕዝብ አንድ ላይ ይሰፍራል፣ ትምህርት ቤት፣ ውሃ፣ ክሊኒክ ይቀርብለታል። ሚሊዮኖች ቤታቸውን አፍርሰው በመስመር በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍሩ ተደረገ። የቡና አገር ሰው ግን ቤቱን ከማሳው አጠገብ የሠራው መሠልጠን አቅቶት አልነበረም። ቡናውን ከሌባ፣ በቆሎውን ከጦጣና ከአሳማ የሚጠብቀው ቤቱ እዚያ ስላለ ነው። ጓሮው፣ ከብቱ፣ ፍጉ፣ ችግኙ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሚደረስባቸው ስለሆኑ ነው። ይህን ሥራ ቤቱ እንደሚሠራ የቀየሰው ሰው አላየውም፤ ኗሪውንም አልጠየቀውም። በመጋቢት 1990 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅና ግዴታው ሲላላ ብዙው ሰው ጣሪያውን ነቅሎ ወደ ድሮ ቀዬው ተመለሰ። መመለስ በመቻሉ እግዜር ይመስገን። በመካከል ያለፉትን ዓመታት ግን የመለሰለት የለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይሻላል። በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቋመ፤ በዓመቱ መጨረሻም የቡናው ግብይት ወደዚያ እንዲገባ ተደረገ። ነጋዴ ቡና ወስዶ ገንዘብ የሚያስቀርበት፣ ሚዛን የሚሰረቅበት፣ ዋጋ በሹክሹክታ የሚወሰንበት የቆየ ችግር ነበረና ለውጡ ያስፈልግ ነበር። ደረጃ ወጣ፣ መጋዘን ተዘጋጀ፣ ክፍያ ፈጠነ። ነገር ግን ቡናው በሰፊ የአካባቢ ምድብ እየተቀላቀለ ሲሸጥ የየቀበሌው ስም ጠፋ። በጥንቃቄ የለቀመውና መሬት ላይ ያሰጣው ገበሬ ቡና በአንድ ስም ተጠሩ። የውጭው ገዢ «ይሄ ቡና ከየትኛው ማጠቢያ ነው?» ሲል መልስ አጣ። በ2017 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 የቡናውን ምንጭ መለየት የሚቻልበትንና አምራችና ላኪ በቀጥታ የሚገናኙበትን በር ከፈተ። ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤ ቢሆንም ተመለሰ። ገበያው አልፈረሰም፣ የጎደለው ነገር ተጨመረበት። ለውጥ እንዲህ ሊታረም የሚችል ሲሆን ደግ ነው።

ሦስተኛው ላይ ልብ ይቆረጣል። በ2010 ዩኔስኮ ከ160 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆነውን የያዩ አካባቢ የቡና ደንና ዙሪያውን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዘገበው። ቡና ማንም ሳይተክለው በገዛ ራሱ የሚበቅልበት ደን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው በያዩ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ የሚያመርት የማዳበሪያ ፋብሪካ እንዲገነባ ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ተሰጠ። በ2018 ፋብሪካው ሳያልቅ ኮርፖሬሽኑ ከሥራው ወጣ። ደኑ ተነካ፣ ሰው ተነሣ፣ ማዳበሪያው ግን አልመጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«ታዲያ አገር ማዳበሪያ አያስፈልጋትም?» የሚል ይኖራል። ያስፈልጋታል እንጂ! በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ እየገዛን ገበሬው በሰዓቱ ሳይደርሰው የምንጨቃጨቅበት ዕቃ ነው። ጥብቅ ሥፍራ ተባለ ማለትም ሰው አይድረስበት ማለት አይደለም፤ አከላለሉ ራሱ እምብርት፣ መከለያና የልማት ቀጠና አለው። ጥያቄው ሌላ ነው። የማዳበሪያ ፋብሪካ ከአንድ በላይ ቦታ ሊተከል ይችላል። ለዚህም ምስክሩ ቅርብ ነው፤ በነሐሴ 2025 ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ዩሪያ ለማምረት ስምምነት ተፈርሟል። ፋብሪካው ወደ ጎዴ ሊሄድ ይችላል። የያዩ ደን ግን ወደ ጎዴ አይዛወርም። አንዱ ቦታ መምረጥ የሚችል፣ ሌላው የማይችል ሆኖ ሳለ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የትኛው ነው በጥንቃቄ ሊያዝ የሚገባው? ይህን ለመመለስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ጥያቄው በጊዜው መነሣት ነበረበት እንጂ።

ደኑን የሚያሰጋው ትልቅ ፋብሪካ ብቻ ነው ብለን እንዳንተኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የበሽታ መቋቋሚያው ዘር ውጤታማ ስለሆነ ገበሬው ይወደዋል፤ ስለሚወደውም ወደ ደኑ እያስገባ ይተክለዋል። ሥሩን ይመነጥራል፣ የጥላ ዛፉን ያሳሳል፣ የጫካውን ቡና በምርጡ ዘር ይተካል። ማን ይፈርድበታል? ልጅ ማስተማር፣ ቆርቆሮ መግዛት አለበት። ግን እንደዚህ ከቀጠለ ከቢሻሪ ደን የወጣው ልጅ የእናቱን ቤት ይወርሳል ማለት ነው። ሁሉም ማሳ በጥቂት ዝርያዎች ብቻ ከተሸፈነና ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ፣ ተመራማሪዎቹ እንደ 1974ቱ ወጥተው የሚፈልጉበት ጫካ ያስፈልጋቸዋል። በሽታው ቢቀር እንኳ ሙቀቱ አለ። በ2017 ኔቸር ፕላንትስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚለማበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቋል። ያው ጥናት ቡናው ወደ ከፍታው ቢሸጋገርና ደኑ ቢጠበቅ ወይም ቢተካ ተስማሚው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችልም ይናገራል። ልብ በሉ፤ አንዱን ብቻ አላለም። ተንቀሳቀሱም፣ ጠብቁም ነው ያለው።

እዚህ ላይ የከተማ ሰዎችን፣ ራሳችንን ማለቴ ነው፣ መውቀስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «ደኑን ጠብቁልን» ማለት ከ«ድሮ ቀረ» ብዙም አይርቅም። ያ ደን የዓለም ቡና የመጠባበቂያ ጎተራ ከሆነ፣ ጎተራውን የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ የለውም። ዛፉን ባለመቁረጡ ያጣውን በቆሎ የሚተካለት የለም። የጫካ ቡናው በስሙ ተጠርቶ የተሻለ ዋጋ ካላወጣ፣ ማሩ ከመንገድ ዳር ገዢ አልፎ ካልሄደ፣ «አቆይ» የሚለው ምክር «በድህነትህ ጽና» ከማለት አይለይም። ማቆየትም እንደ መለወጥ ሁሉ ወጪ አለው። ወጪውን ለአንድ ገበሬ ትቶ ጥቅሙን ለሁሉም ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሚገርመው ነገር የዓለም ገበያ ራሱ ዛሬ ይህንን መጠየቅ ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የለማ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ከልክሏል። ተግባራዊነቱ ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፤ ሐሳቡ ግን አልተተወም። በጥላ ዛፍ ሥር ቡና የሚለቅመው የኢሉባቦር ገበሬ ለዚህ ፈተና ማንም የማይስተካከለው መሆን ነበረበት። ነገር ግን ደንቡ «ደን አልቆረጥኩም» የሚል የቃል ምስክርነት አይቀበልም፤ ቡናው የለማበትን ቦታ በካርታ ነጥብ አሳዩኝ ይላል። እንግዲህ ባለ ግማሽ ሄክታሩ ገበሬ ሁሉ ማሳው በጂፒኤስ መለካት፣ መዝገቡም መያዝ አለበት። ያንን አሮጌ ደን ለማቆየት ይህን አዲስ መሣሪያ መያዝ ግድ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ጋ «ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ አንፈልግም» የሚል ማኅተም ብንመታበት የምንጎዳው ደን ያልቆረጠውን ገበሬ ነው። ልኬታውን ለገበሬው ብቻ ብንተወውም ያው ነው። ወጣቱ ባለሙያ ቀፎ ከመቁጠር ይልቅ ለዚህ ሥራ ቢሰማራ ሪፖርቱም ያምራል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? የማር ሳጥኑ ይግባ፤ ሰሙ፣ ማሽኑና ሥልጠናው አብረው ይግቡ፤ የዛፉ ቀፎም እስከዚያው አይውረድ። ምርጡ ዘር በማሳውና በጓሮው ይተከል፤ የጫካው ቡና ግን በምርጡ ዘር አይተካ፤ እሱን ለጠበቀ ሰው ዋጋ ይከፈል። ፋብሪካ ሲታሰብ «ሌላ ቦታ የለም ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይጀመር። የሴቶችን ወገብ የሚያጎብጥ ልማድ ካለ ደግሞ ባህል ነው ተብሎ ቀጠሮ አይሰጠው።

በቢሻሪ ስለነበረው ስለዚያ ዛፍ አስባለሁ። ከ1971 በፊት በሥሩ ያለፈ ለቃሚ ሁሉ ከጎረቤቶቹ የሚለይበት ነገር አላየበትም። ፍሬው ምናልባት ከሌላው ያነሰ ይሆናል፤ ምናልባትም ለማገዶ ታስቦ ያውቃል። ማንም «ይሄ ዛፍ ይሠራል» ብሎ አልጠበቀውም፤ ሌላው ሁሉ ሲጠቁር ነው ሥራው የታወቀው። ቀጣዩ በሽታ ሲመጣ የምንፈልገው ዛፍ የትኛው እንደሆነ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መጥረቢያውም ማኅተሙም በእጃችን እንደሆነ ግን እናውቃለን።